ቤት ስታፈርሱ ጤናችሁ አብሮ እንዳይፈርስ፦ ከመጀመሪያው መዶሻ እስከ መጨረሻው ጆንያ

አሮጌ ግድግዳ ማፍረስ፣ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ መንቀል፣ ያረጀ ኮርኒስ ማውረድ ቀላል ሥራ ይመስላል። መዶሻ ያገኘ ሁሉ ይጀምረዋል። ግድግዳው ሲወድቅ ሁሉም ይጠነቀቃል። ሰው ይርቃል፣ አፍና አፍንጫ ይሸፈናል። ጉዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማስኩ አገጭ ሥር ይወርዳል፣ ደረቅ መጥረጊያ ይነሳል፣ ጣውላና ፕላስቲኩ ጥግ ላይ ይቃጠላል። ሲመሽ ደግሞ በአቧራ የነጣ ልብስ ለብሰን ቤት ገብተን ልጅ እናቅፋለን።

በእኔ እይታ ከመዶሻው መጥረጊያው ይከፋል። ስለዚህ እዚህ የምታገኙት ስለ ማፍረስ ጥቂት፣ ስለ ዝግጅትና ስለ ጽዳት ግን ብዙ ነው። የተጻፈው ለትንንሽ ሥራ ነው፦ አንድ ግድግዳ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ኮርኒስ። ፎቅ ወይም ሙሉ ቤት ለማፍረስ መሐንዲስ ይዛችሁ ግቡ።

## መጀመሪያ ስለ አቧራው

በኮንክሪት፣ በብሎኬት፣ በጡብና በሴራሚክ ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። ከኮንክሪት ክብደት ከ25 እስከ 70 በመቶው ሲሊካ ሊሆን ይችላል። ጡብ እስከ 30 በመቶ ይይዛል። ሙሉ ሆኖ ግድግዳ ላይ እስካለ ድረስ ማንንም አይጎዳም። ሲቆረጥ፣ ሲቦረቦርና ሲሰባበር ግን ደቃቅ አቧራ ሆኖ ይነሳል።

የሰው ፀጉር ውፍረቱ 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል የሚገባው የሲሊካ ቅንጣት ከ10 ማይክሮን ያንሳል። በዓይን አይታይም። ንፋስ በሌለበት ክፍል 10 ማይክሮን ያለው ቅንጣት ከ3 ሜትር ከፍታ ለመውረድ ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስድበታል። 1 ማይክሮን ያለው ግን አንድ ቀን ያህል ይንሳፈፋል። «አቧራው ተኝቷል» ብላችሁ ማስክ ስታወልቁ ክፉው ገና አየር ላይ ነው።

መጠኑስ? የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ገደብ በ8 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.05 ሚሊግራም ነው። 4 በ5 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ቁመት ባለው ክፍል ሲሰላ በጠቅላላው አየር ውስጥ 3 ሚሊግራም ይሆናል። 50 ያህል የጨው ቅንጣት ቢመዘን ከዚህ አይበልጥም። አንድ ብሎኬት በግራይንደር ስትቆርጡ ምን ያህል እንደሚነሳ አስቡት።

ይህ አቧራ ሲሊኮሲስ የሚባል የሳንባ ጠባሳ ያመጣል። መድኃኒት የለውም። ሥራውን ካቆሙ በኋላም ሊብስ ይችላል። በሽታው ያለበት ሰው በቲቢ የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ሲሊካን ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ መድቦታል። አንድ ቀን ግድግዳ ያፈረሰ ሰው ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ሥራዬ ብለው በየቀኑ ለሚያፈርሱት ግን እያንዳንዱ ቀን ይደመራል።

## ደረጃ 1፦ ሳትነኩ ፈትሹ

ቤቱን በእርጋታ ዞራችሁ እዩ። እስክርቢቶና ወረቀት ያዙ። የምትፈልጉት እነዚህን ነው።

1. አስቤስቶስ። በአሮጌ የግንባታ ዕቃ ውስጥ የሚገኝ፣ ደቃቅ ክር ያለው ማዕድን ነው። ከሁሉም በፊት ይህን አጣሩ። ግራጫና ሞገድ ያለው፣ ብረት ያልሆነ የጣሪያ ክዳን፣ አሮጌ የውሃ ታንከር፣ የጭስ ማውጫ ቱቦ፣ በሙቅ ውሃ ቧንቧ ላይ የተጠቀለለ ነጭ ሽፋን፣ አሮጌ የፕላስቲክ ወለል ንጣፍና ማጣበቂያው፣ አንዳንድ የኮርኒስ ሰሌዳዎች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል። አስቤስቶስ የሚያመጣው ሜሶቴሊዮማ የተባለ ካንሰር ከ20 እስከ 50 ዓመት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ከ50 በላይ አገሮች ያገዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

በዓይን አይታወቅም። «እኔ ሳየው አውቀዋለሁ» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ አትመኑት። የሚለየው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ለማጣራት ብላችሁም ጫፉን አትስበሩ። ምርመራ ማድረግ ካልቻላችሁ አስቤስቶስ ነው ብላችሁ ቁጠሩትና አትንኩት። ያልተሰነጠቀና የማይነካ ከሆነ ባለበት ቢቀመጥ ይሻላል። መነሳት ያለበት ከሆነ ለዚህ ሥራ የሠለጠነ ሰው ያንሳው። ከዚህ በታች ያሉት የማፍረስ ደረጃዎች ለአስቤስቶስ አይሠሩም።

2. አሮጌ ቀለም። በበር፣ በመስኮት ፍሬምና በብረት ላይ ደጋግሞ የተቀባ የቆየ የዘይት ቀለም ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። ሊድ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት «ይህን ያህሉ አይጎዳም» የሚባል መጠን እንደሌለው ይናገራል። እንዲህ ያለውን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትሙረዱ። በእሳትም አታቃጥሉ። ፍሬሙን ሙሉውን ንቀሉት።

3. ሻጋታ። ውሃ የነካው ጅብሰምና ቺፑድ ጀርባውን እዩ። የሻገተው ቦታ ከ1 ካሬ ሜትር የሚበልጥ ከሆነ ወይም በቤቱ አስም ያለበት ሰው ካለ ሥራውን ለባለሙያ ስጡ።

4. ኩስ። ኮርኒስ ውስጥ የእርግብ፣ የሌሊት ወፍ ወይም የአይጥ ኩስ ሊኖር ይችላል። ኮርኒሱ ሲወርድ ሁሉም ፊታችሁ ላይ ይዘረገፋል። መጀመሪያ አንድ ሰሌዳ በቀስታ አንስታችሁ በባትሪ እዩ። ካለ ደረቁን ሳትነኩ በውሃ አርሱት። የአይጥ ከሆነ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አርከፍክፉበትና 5 ደቂቃ ጠብቁ።

5. የታከመ እንጨት። አረንጓዴ ቀለም የሚወጣው አሮጌ የውጭ እንጨት አርሴኒክ ሊኖርበት ይችላል። ምልክት አድርጉበት። ለማገዶ እንዳይሄድ።

6. ግድግዳው ራሱ። ከላዩ ቢም፣ ሶሌታ ወይም የጣሪያ እንጨት ተሸክሞ እንደሆነ እርግጠኛ ካልሆናችሁ መሐንዲስ ሳያየው መዶሻ አይንካው። ስለ አቧራ እየተጨነቅን በድንጋይ መቀጥቀጥ የለብንም።

## ደረጃ 2፦ ዕቃችሁን አሟሉ

ማስክ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሻሽ፣ ፎጣና ሰማያዊው የሕክምና ማስክ ደቃቁን አቧራ አያቆሙም። የምትፈልጉት ኤን 95 (N95) ወይም ኤፍ ኤፍ ፒ 2 (FFP2) የተባለውን ደቃቅ አቧራ የሚያጣራ ማስክ ነው። ለረጅም ሰዓት የምትሠሩ ወይም ኮንክሪት የምትቆርጡ ከሆነ ኤፍ ኤፍ ፒ 3፣ ወይም ማጣሪያው የሚቀየር የጎማ ግማሽ ፊት ማስክ ይሻላል።

አደራረጉ እንዲህ ነው።

1. የላይኛውን ማሰሪያ አናታችሁ ላይ፣ የታችኛውን ከጆሮ በታች ማጅራት ላይ አድርጉ። ሁለቱንም አንገት ላይ ማውረድ ማስኩን ያስከፍተዋል።
2. የአፍንጫውን ሽቦ በሁለት እጅ ጣቶች ተጭናችሁ አስተካክሉ። በአንድ እጅ መቆንጠጥ መሃሉን አሹሎ ዳርና ዳሩን ይከፍታል።
3. ማስኩን በሁለት መዳፍ ሸፍናችሁ በኃይል ተንፍሱ። ዓይናችሁ ላይ ንፋስ ከተሰማችሁ ይሾልካል ማለት ነው። እንደገና አስተካክሉ።
4. ጺም ካላችሁ ተላጩ። በጺም ላይ የተደረገ ጥብቅ ማስክ ያሾልካል። ሌላ መላ የለውም።

ከረጠበ፣ ቅርጹ ከተበላሸ ወይም መተንፈስ ካከበደ ጣሉት። መተንፈስ ከከበደ ለትንሽ ጊዜ ብላችሁ እዚያው አታውልቁት። ከክፍሉ ወጥታችሁ አውልቁ። ልብና ሳንባ የሚያማቸው ሰዎች በማስክም ቢሆን ይህን ሥራ ባይሠሩት ይሻላል።

ከማስኩ ሌላ የሚያስፈልጉት፦ ጎኑ ዝግ የሆነ መነጽር፣ ወፍራም ጓንት፣ ምስማር የማይበሳው ጫማ፣ ሄልሜት፣ የጆሮ መሸፈኛ። ክንድ ርዝመት ላይ ካለ ሰው ጋ ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለጋችሁ ድምፁ ለጆሮ አደገኛ ሆኗል። እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ። የውሃ መርጫ፣ ሁለት ባልዲ፣ ጨርቆች፣ ወፍራም ላስቲክ፣ ሰፊ ስኮችና ጠንካራ ጆንያ አዘጋጁ። የሲሚንቶ ወረቀት ከረጢትን ለፍርስራሽ አትጠቀሙ። ሲራገፍ ራሱ አቧራ ነው፣ ከተሸከማችሁት ደግሞ ይቀደዳል።

## ደረጃ 3፦ ክፍሉን ከሌላው ቤት ለዩ

1. የክፍሉን መብራት ከብሬከር አጥፉ። በቴስተር አረጋግጡ። በኋላ ውሃ ስለምትረጩ ይህ የሚቀለድበት አይደለም።
2. የጋዝና የውሃ መስመር ዝጉ።
3. ሕፃናትን፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ አስምና የሳንባ ሕመም ያለባቸውን ከቤቱ አስወጡ። «በሌላኛው ክፍል ይቀመጡ» አይበቃም። ለቀኑ ሌላ ቦታ ይዋሉ።
4. ዕቃዎቹን አውጡ። መውጣት የማይችለውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ጠርዙን በስኮች ለጥፉ። አቧራ የገባበትን ፍራሽና ምንጣፍ ማጽዳት ከባድ ነው።
5. በሩ ላይ ሁለት ላስቲክ ደራርባችሁ ስቀሉ። አንዱ ግራ ጎኑ፣ ሌላው ቀኝ ጎኑ ይከፈት። ሰው ሲያልፍ አቧራው በቀጥታ አይከተለውም።
6. የአየር ማቀዝቀዣና የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎችን ድፈኑ። ወደ ውጭ የሚወጣ መስኮት ክፈቱ። ወደ ጎረቤት የሚከፈት ከሆነ ግን ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ልብስ ያስገቡ፣ መስኮት ይዝጉ።
7. የመጠጥ ውሃና ምግብ ከክፍሉ ውጭ ይቀመጥ። በአቧራማ እጅ የተያዘ ሲጋራና ዳቦ ሊድን በቀጥታ አፍ ውስጥ ያስገባል።

ላስቲኩ ከወደቀ፦ ሥራ አቁሙ። እስኪለጠፍ ድረስ አንድም መዶሻ አይነሳ። ብዙ ጊዜ የሚወድቀው አቧራ ያለበት ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈ ነው። ቦታውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና አድርቃችሁ ለጥፉ።

## ደረጃ 4፦ አደገኛውን ሙሉ በሙሉ ቀድማችሁ አውጡ

ከመዶሻ በፊት የፍሎረሰንት መብራቶችን ንቀሉ። ውስጣቸው ሜርኩሪ አለ። በጨርቅ ወይም በካርቶን ጠቅልላችሁ ለብቻ አስቀምጡ። የአሮጌ ቀለም ጣሳ፣ ባትሪና የታከመ እንጨትም ለየብቻ ይሁኑ። ከፍርስራሹ ጋ አንዴ ከተቀላቀሉ በኋላ የሚለያቸው የለም።

መብራቱ ከተሰበረ፦ ሁሉም ሰው ይውጣ። መስኮት ከፍታችሁ ቢያንስ 10 ደቂቃ ቆዩ። በመጥረጊያም በቫኪዩም ክሊነርም አትንኩት፤ ሜርኩሪውን ይበትናሉ። ስብርባሪውን በጠንካራ ካርቶን ዝቃችሁ ክዳን ያለው ማሰሮ ውስጥ ክተቱ። የቀረውን ደቃቅ በስኮች እያጣበቃችሁ ልቀሙት። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁም እዚያው ማሰሮ ውስጥ ይግባ።

## ደረጃ 5፦ አርሱ፣ ጠብቁ፣ አፍርሱ

ብዙ ሰው ውሃ የሚረጨው አቧራው ከተነሳ በኋላ ነው። ያ አልቆለታል። ውሃው መቅደም አለበት።

1. ግድግዳውን በደቃቁ እርጩ። በጎማ በኃይል መልቀቅ አቧራውን ራሱ ያስነሳዋል።
2. ልስኑ ውሃውን እንዲጠጣ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። እንደገና እርጩ። ግድግዳው ይርጠብ እንጂ ወለሉ ላይ ኩሬ አይሁን። ያንሸራትታል፣ ወደ ታችኛው ፎቅም ይወርዳል።
3. ከላይ ወደ ታች አፍርሱ። ከሥር ቦርቡሮ መጣል ፈጣን ይመስላል። ሰው የሚገድለውም እሱ ነው።
4. በትንንሹ ቆርጣችሁ በእጅ አውርዱ። አንድ ትልቅ ቁራጭ ሲወድቅ የሚያስነሳው አቧራ ሁሉንም ልፋት ያጠፋዋል።
5. አንዱ ሲሰብር ሌላው ይርጭ። አዲስ የተሰበረ ገጽ በታየ ቁጥር ይርጠብ።

ከተቻለ በስካርፔሎና በመዶሻ ሥሩ። ግራይንደር ደረቅ ኮንክሪት ሲቆርጥ የሚያስነሳውን አቧራ ማስክ ብቻውን አይችለውም። መቁረጥ ግድ ከሆነ የውሃ መስመር ያለው መቁረጫ ተጠቀሙ። የእንግሊዝ የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪዎች ለእንዲህ ያለው መቁረጫ የሚመክሩት ቢያንስ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ውሃ ነው። ተራ የኤሌክትሪክ ግራይንደር ላይ ግን በባልዲ ውሃ አታፍስሱ። ለዚያ አልተሠራም፣ በኤሌክትሪክ ትያዛላችሁ።

አቧራው ክፍሉን ከሞላው፦ ቁሙ፣ ውጡ፣ ማስካችሁን ውጭ አውልቁ። አየሩ እስኪጠራ ጠብቁና ተመልሳችሁ መጀመሪያ እርጩ። «ልጨርሰውና እወጣለሁ» የሚለውን ሐሳብ እርሱት።

ያልጠበቃችሁት ነገር ከወጣ፦ ከግድግዳው ውስጥ ነጭ ጥጥ መሰል ነገር የተጠቀለለበት ቧንቧ ወይም ክር ክር የሚል ግራጫ ሰሌዳ ብቅ ካለ ሥራው ለዛሬ አበቃ። አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። አትጥረጉ፣ አትቀጥሉ። በቀስታ በደቃቁ ውሃ እርጩበት። ውሃው ውስጥ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ከጨመራችሁ በደንብ ይጣበቃል። ላስቲክ አልብሱት። ልብሳችሁን እዚያው በር ላይ አውልቃችሁ ላስቲክ ውስጥ አስራችሁ ታጠቡ። ክፍሉን ዘግታችሁ ባለሙያ ጥሩ። ኤን 95 ለአስቤስቶስ በቂ አይደለም። ስለዚህ «ማስክ አድርጌያለሁ» ብላችሁ አትመለሱበት።

## ደረጃ 6፦ ፍርስራሹን ሰብስቡና አውጡ

እዚህ ላይ ወገብ ይሰበራል። ሁለቱም ገጹ የተለሰነ 3 በ3 ሜትር የብሎኬት ግድግዳ ሲፈርስ ከ1 ቶን በላይ ነው። 20 ሊትር ባልዲ በኮንክሪት ፍርስራሽ እስከ አፉ ከሞላ 30 ኪሎ ይጠጋል። ግማሽ ሙሉ። ጆንያውንም እንዲሁ። ብዙ መመላለስ ከአንድ የዲስክ መንሸራተት ይሻላል።

ከፎቅ ላይ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ቦታ አትከምሩ። የመኖሪያ ቤት ወለል አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ተጨማሪ ጭነት ታስቦ ነው። ፍርስራሽ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ሲደርስ ይህን ይሞላል። እስከ ጉልበት የደረሰ ክምር ምን እንደሚያደርግ አስሉት።

1. ክምሩን አርሱና አካፋ አስገቡ። ውስጡ ደረቅ ስለሆነ በየጥቂት አካፋው እንደገና እርጩ።
2. ከመስኮት አትወርውሩ። መንገደኛው ላይ የሚወድቀው ድንጋይ እንዳለ ሆኖ አቧራው ሰፈሩን ያዳርሳል። ጆንያውን አስራችሁ አውርዱ ወይም የማውረጃ ቱቦ ተጠቀሙ። ከቱቦው ሥር ያለው መቀበያ በእርጥብ ሸራ ይሸፈን።
3. ምስማር ያለበትን እንጨት ወዲያው ምስማሩን አጥፉ ወይም ንቀሉ። «በኋላ» የተባለ ምስማር እግር ውስጥ ይገኛል።
4. መኪናው ላይ ከተጫነ በኋላ አርሳችሁ በሸራ ሸፍኑት።

ምስማር ከወጋችሁ፦ ደሙ ትንሽ ይፍሰስ። በብዙ ንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ጤና ተቋም ሂዱ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰዳችሁ 5 ዓመት ካለፈ፣ ወይም መቼ እንደሆነ ካላስታወሳችሁ እንደገና መወጋት ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ አትናቁት። ጠባብና ጥልቅ ቁስል ለዚህ ባክቴሪያ ይመቻል።

ዓይን ውስጥ ከገባ፦ አትሹት። በንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ፣ ቆቡን ከፍታችሁ እጠቡ። ሰዓት እያያችሁ እጠቡ፣ ምክንያቱም 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ይረዝማል። ኖራ ወይም ሲሚንቶ ከሆነ ከታጠበ በኋላ ሐኪም ጋ መሄድ ግዴታ ነው፤ ሁለቱም ዓይን ያቃጥላሉ።

ቆዳ ላይ፦ እርጥብ ሲሚንቶ ያቃጥላል፣ ግን ወዲያው ላያም ይችላል። ጫማ ወይም ጓንት ውስጥ ከገባ ሰዓታት ቆይቶ ቆዳው ሲላጥ ነው የምታውቁት። የረጠበውን ልብስ ወዲያው አውልቁና 20 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እጠቡ።

## ደረጃ 7፦ ጽዳት፣ ሰው የሚወድቅበት ፈተና

ሰውነት ደክሟል፣ ማስክ ሰልችቷል፣ ትልልቁ ሥራ አልቋል። በዚህ ሰዓት ደረቅ መጥረጊያ ያነሳ ሰው ቀኑን ሙሉ በውሃ ያስተኛውን አቧራ መልሶ ያስነሳዋል። መሬት ላይ የቀረው ደግሞ ደቃቁ ነው፤ ማለትም የባሰው።

1. ክፍሉ ውስጥ እስካላችሁ ማስክና መነጽር እንዳለ ይቆይ። ጽዳቱ ሳያልቅ እዚያ ውስጥ አይወልቅም።
2. ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ክፍሉን ትታችሁ ውጡ። ማደር ከቻለ ይደር።
3. ከላይ ጀምሩ። የግድግዳ ጫፍ፣ የበር ፍሬም አናት፣ መስኮት፣ መጨረሻ ላይ ወለል።
4. ወለሉን በደቃቁ አርሱ። የረጠበውን በአካፋና በጎማ መግፊያ ሰብስቡ።
5. በሁለት ባልዲ ጥረጉ። አንዱ ሳሙና ያለበት፣ ሌላው ማለቅለቂያ። ውሃው ሲደፈርስ ቀይሩ። በአንድ ባልዲ ጭቃ ውሃ የተጠረገ ወለል ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይመለሳል። ያ ነጭ ነገር አቧራው ራሱ ነው።
6. በማግስቱ ድገሙት። የምሬን ነው። ሌሊት አየር ላይ የዋለለው ጠዋት ወለል ላይ ነው።

ተራ የቤት ቫኪዩም ክሊነር አትጠቀሙ። ደቃቁ በማጣሪያው አልፎ ከኋላ ይወጣል። ሄፓ ማጣሪያ ያለው ከሆነ ግን ይሁን፤ 0.3 ማይክሮን ከሆኑት ቅንጣቶች 99.97 በመቶውን ይይዛል። በአየር መጭመቂያ መንፋት ክልክል ነው፣ ክፍሉንም ልብሳችሁንም።

የጽዳቱን ጭቃ ውሃ ቱቦ ውስጥ አትድፉ። ሲሚንቶው ረግቶ ቱቦውን ይደፍናል፣ ውሃውም ቆዳ የሚያቃጥል ነው። ባልዲው ውስጥ አዘቅጡት። ዝቃጩን ሳይደርቅ ከፍርስራሹ ጋ አስራችሁ አውጡ።

ማብቃቱን እንዴት ታውቃላችሁ? ክፍሉን አጨልማችሁ የባትሪ ብርሃን በወለሉ ላይ አግድም ልቀቁ። አቧራ ካለ ያበራል። ጥቁር ጨርቅ አርጥባችሁ መስኮቱ ደፍ ላይ ጎትቱት። አመድማ ከሆነ ገና ነው። አሮጌ ቀለም የነካ ክፍል ከሆነና ልጅ የሚተኛበት ከሆነ በዓይን አትመኑ። የወለሉ አቧራ በላቦራቶሪ እስኪታይ ልጁን አታስገቡ።

## ደረጃ 8፦ ራሳችሁን

ልብሱን በሩ ላይ አውልቁ። አታራግፉ። እርጥበት ባለው ጨርቅ ላይ ላዩን ጥረጉ፣ ጠቅልላችሁ ላስቲክ ውስጥ ክተቱና ከቤተሰብ ልብስ ለብቻ እጠቡ። በአስቤስቶስ ፋብሪካ የሚሠሩ ባሎቻቸውን ልብስ ያጠቡ የነበሩ ሚስቶች ራሳቸው በሜሶቴሊዮማ ታመዋል። አንዳቸውም ፋብሪካው ውስጥ መግባት አላስፈለጋቸውም።

ማስኩን መጨረሻ ላይ፣ ከኋላ በማሰሪያው ይዛችሁ አውልቁ። እጅና ፊታችሁን ከመብላታችሁ በፊት፣ ፀጉራችሁን ከመተኛታችሁ በፊት ታጠቡ።

## ደረጃ 9፦ ክምሩ እስኪነሳ

ለመኪና ቀን እየጠበቃችሁ ከሆነ ክምሩን አጥሩ። ልጆች ፍርስራሽ ላይ መውጣት ይወዳሉ። ሸራ አልብሱት፣ ሸራው ላይ የሚቋጥረውን ውሃ ግን በየሳምንቱ ሳይሞላው ድፉ። ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃታል። የተሰበረ ሽንት ቤት መቀመጫ፣ ባልዲና የተከፈተ በርሜል ለሷ ጥሩ መዋለጃ ነው። ውሃ መውረጃ ቦይና ወንዝ ዳር አትከምሩ።

አታቃጥሉ። የፒ ቪ ሲ ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲቃጠሉ ሳንባ የሚያቆስል ጋዝና ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ ይለቃሉ። የታከመ እንጨት አርሴኒኩን አመዱ ውስጥ ያስቀምጣል። አሮጌ ቀለም ያለው በር ሲነድ ሊዱ በጭስና በአመድ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ ማንኛውም ለማገዶም ለምግብ ማብሰያም አይሆንም። ለጠየቃችሁ ሰው እንጨቱን በነፃ ስትሰጡ ይህን ንገሩት።

ንጹሕ ኮንክሪት፣ ጡብና ድንጋይ ለመሙያ ይሆናሉ። ፌሮው ይሸጣል። ጅብሰሙን ግን ለዩት። ከሌላ ቆሻሻ ጋ ተቀብሮ ውሃ ሲገባው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ሊያመነጭ ይችላል። የተቀረውን ፈቃድ ወዳለው መድፊያ ላኩ። የሹፌሩን «የት እንደምደፋው አውቃለሁ» አትመኑ፤ የት እንደሚደፋ ጠይቁ።

## ከሥራው በኋላ ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የጉሮሮ መከርከርና ቀላል ሳል ከቀን ወደ ቀን መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ካፈነ ወይም አክታ ደም ከቀላቀለ ወዲያው ሂዱ። ኩስ ያለበት ኮርኒስ ካወረዳችሁ ከ3 እስከ 17 ቀን ባለው ጊዜ የሚመጣ ትኩሳትና ሳል ከጉንፋን ጋ ይምታታል፤ ሂስቶፕላዝሞሲስ የተባለ የፈንገስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ልጅ ከአሮጌ ቀለም አቧራ ጋ ከተነካካ የደም ሊድ ምርመራ ይደረግለት። ምልክት እስኪያሳይ አትጠብቁ።

ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ ራሳችሁ ተናገሩ። «ያሳለኛል» ብቻ አትበሉ። ምን እንዳፈረሳችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደሠራችሁ፣ ምን ዓይነት ማስክ እንዳደረጋችሁ ንገሩት። በማፍረስ ሥራ ለዓመታት የቆያችሁ ከሆነ ሳል ሳይኖርም የደረት ራጅና የትንፋሽ መለኪያ ምርመራ በየጊዜው አድርጉ። ሲሊኮሲስ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በኋላ ነው ብቅ የሚለው። ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳችሁ ወይም ሌሊት ካላባችሁ ደግሞ የቲቢ ምርመራ ይጨመርላችሁ።